ያላለቀ መጽሐፍ፣ ያለቀለት አስተያየት

በአገራችን ስለ ሂስ ሲነገር የሚነገረው በጽሑፍ ስለቀረበው ሂስ ነው። ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሁሉ የዘሪሁን አስፋውን «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» ያውቃል፤ ሴራ ምን እንደሆነ፣ መቼት ምንን እንደሚያካትት፣ ገጸ ባሕርይ በምን በምን እንደሚሳል ከዚያ ተምሯል። ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ የሚሰጠው ሂስ የሚሰጠው ማኪያቶ ላይ ነው፤ ሰጪው ወጣት ነው፤ ርዝመቱም ከሁለት ዐረፍተ ነገር አይዘልም። ዘርፉ ትኩረት ተነፍጎት ቆይቷል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

የጥናቱ ዘዴ ገላጭ ሲሆን መረጃው የተሰበሰበው በምልከታ ነው። ናሙናው አንድ ወጣት ነው። «አንድ ሰው አያንስም ወይ?» የሚል ባለሙያ ሊነሣ ይችላል። ተጠኚው ስለ አንድ ፊልም የሚለውን አጠገቡ የሚቀመጡት ጓደኞቹም ስለሚሉት፣ ቁጥሩን መጨመር ወጪ ከማብዛት በቀር የሚፈይደው ነገር አልነበረም። ወጪ የተባለው ማኪያቶ ነው። መረጃ ሰጪው በጥናቱ ዘመን ሁሉ ሒሳብ ሲከፍል አልታየም፤ ይህም ከጥቅም ግጭት የጸዳ መሆኑን ያሳያል።

ስሙ በጥናት ሥነ ምግባር መሠረት አይጠቀስም። ዲግሪውን ይዟል፣ ሥራ እየፈለገ ነው፣ ከእናቱ ጋር ይኖራል። የመጨረሻውን መረጃ አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ በኋላ ይፈለጋል። የመስክ ሥራው የተካሄደው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ካፌ ሲሆን፣ መስኮት ዳር ያለችው ጠረጴዛ በልማድ የእነሱ ሆናለች። አስተናጋጇ በየጥቂት ደቂቃው እየመጣች ንጹሑን ጠረጴዛ ትወለውላለች። «የሚጨመር አለ ወንድሞቼ?» ትላለች፤ ማንም ቀና አይልም። የማኪያቶው አረፋ ብርጭቆው ላይ ደርቆ ከተጣበቀ ቆይቷል። ተጠኚው ሌላ ሰው ሲናገር አረፋውን በማንኪያ ይፍቃል፤ ማንኪያዋ ከቆመች ተራው ደርሷል ማለት ነው። ከዚህ በታች የተመዘገቡት ብይኖች በሙሉ የተሰጡት ማንኪያዋ በቆመችባቸው ቅጽበቶች ነው።

ከፊልም እንጀምር። ስለ ፊልም አስተያየት ለመስጠት ፊልሙን ማየት ግዴታ እንዳልሆነ ጥናቱ ገና ከጅምሩ አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የክሪስቶፈር ኖላን «ኦፐንሃይመር» ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ተጠኚው ግን ዩቲዩብ ላይ በአማርኛ ከሚቀርቡት የፊልም ትረካዎች በአንዱ፣ ያውም ፍጥነቱን አንድ ተኩል አድርጎ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨርሶታል። በእነዚህ ትረካዎች ውስጥ ሰው ስም የለውም፤ «ይህ ወጣት»፣ «ሰውየው»፣ «ሚስትየዋ» እየተባለ ነው የሚኬደው። በዚህ ምክንያት ተጠኚው ስለ አቶም ቦምብ አባት ከሰዓቱን ሙሉ ሲያወራ ውሎ «ኦፐንሃይመር» የሚለው ስም አንድም ጊዜ ከአፉ አልወጣም። «ሰውየው መጨረሻ ላይ ይጸጸታል፤ እዛ ጋ ትንሽ አካበዱት» ነው ያለው። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ አንጻር ጸጸቱ ምን ያህል ቢሆን ልክ ይሆን ነበር የሚለው ለሌላ ጥናት ይቆይ።

በተቃራኒው «ኢንተርስቴላር»ን ደጋግሞ ማየት ግዴታ ነው። አንድ ጊዜ አይቶ «ገባኝ» ማለት ነውር ነው፤ ሦስት ጊዜ አይቶ «አልገባኝም» ማለትም ነውር ነው። ተቀባይነት ያለው መልስ «በሦስተኛው ነው የገባኝ» የሚል ሲሆን፣ ምኑ እንደገባ መጠየቅ አልተለመደም።

የአገር ፊልም ላይ ሲደረስ ብይኑ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ይሰጣል፦ «ሳውንዱ ችግር አለበት።» አጥኚው ይህን ለማስተባበል ጥቂት ፊልሞችን አይቶ ነበር፤ ሳውንዱ ችግር ነበረበት። ቀጥሎ «ታሪኩ ያው ነው» ይባላል፦ የሀብታም ልጅ፣ የደሀ ልጅ፣ ቦሌ ያለ ቪላ፣ የሚያስቅ ዘበኛ። ይህም አልተስተባበለም። ተጠኚው ባላየው ነገር ላይ ይህን ያህል ልክ መሆኑ አጥኚውን ጥቂት ረብሾታል።

ከዚህ ብይን ነጻ የሚወጣው በውጭ የተሸለመ ወይም የተመረጠ ፊልም ብቻ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2001 ዓ.ም. ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወስዷል። «ድፍረት» በ2006 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በ2007 ደግሞ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። ተጠኚው እነዚህን ሦስቱን እጅግ ያከብራል። ስማቸው ሲነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ራሱን በዝግታ ይነቀንቃል፣ «እነሱ ሌላ ናቸው» ይላል። አክብሮቱ ከመጠን በላይ ከመሆኑ የተነሣ እስካሁን አንዳቸውንም ለማየት አልደፈረም፤ «ድፍረት»ንም ጭምር።

መጽሐፍ ላይ ሁኔታው ይለወጣል፤ መጽሐፍ በእጅ ይያዛልና። ተጠኚው ስልኩ ውስጥ ከቴሌግራም የወረደ ቤተ መጻሕፍት አለው። ስብሐትም፣ ዓለማየሁ ገላጋይም፣ ዶስቶየቭስኪም በፒዲኤፍ እዚያ ውስጥ ተኝተዋል። ችግሩ ፒዲኤፍ በብብት አይያዝም። ስለዚህ የወረቀት መጽሐፍ ያስፈልጋል፤ ቢቻል ወፍራም። ለዚህ አገልግሎት የተመረጠው የአዳም ረታ «የስንብት ቀለማት» ነው። ጠረጴዛው ላይ ሽፋኑ ወደ ላይ፣ ርእሱ ወደ በሩ ዞሮ ይቀመጣል። በገጾቹ መሐል የገባችው ምልክት የከተማ አውቶቡስ ትኬት ናት። አጥኚው የትኬቷን እንቅስቃሴ በቅርብ ተከታትሏል። ክረምቱን ሙሉ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ጥቅምት ላይ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ሄዳ ተገኘች። ተጠኚው ሲጠየቅ «እየደገምኩት ነው» ብሏል።

አዳም ረታ የአጻጻፍ ስልቱን ሕፅናዊነት ይለዋል። መነሻው እንጀራ ነው፤ ታሪኮቹ እንደ እንጀራ ዓይን ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ከሌላው ይያያዛል፤ በአንዱ መጽሐፍ ያለፈ ነገር ሌላው ላይ ብቅ ይላል። ከዚህ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የሚደርሰው ስሙ ብቻ ነው። «ሕፅናዊነቱ ነው የሚመቸኝ» ያለ ሰው ለረጅም ጊዜ ማንም አይነካውም፤ ምክንያቱም ለመጠየቅ የሚደፍር የለም፣ ቢጠየቅም የሚመልስ የለም። ወዲያው ወደ እግር ኳስ ይታለፋል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታተመ፣ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያን ጊዜ ሰው መጽሐፉን ደብቆ፣ በብጣሽ ጊዜ፣ ለሚቀጥለው ተረኛ ቶሎ ለማስረከብ እየተጣደፈ ያነበው ነበር። አሁን ማንም የሚከለክል የለም፤ በየመጻሕፍት መደብሩ ይሸጣል። ተጠኚው ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ እያነበበው ይገኛል። በ2017 የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ሲወጣ ደግሞ አቋሙን አስተካክሏል፦ «በእንግሊዝኛው ብጨርሰው ይሻላል፤ አማርኛው ላይ ትንሽ የሚጠፋ ነገር አለ።» ጠረጴዛው ተስማማ። አጥኚው ማስታወሻ ሲይዝ እጁ ተንቀጥቅጦ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ተጠኚው በእርግጥ የጨረሰው መጽሐፍ መኖሩ ዘግይቶ ታወቀ። ጓደኞቹ ሄደው እሱና አጥኚው ብቻ ሲቀሩ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ተነሣ። መጽሐፉ በ2001 ወጥቶ እየተደጋገመ ሲታተም የኖረ፣ ናሳንና የጣናን ገዳም በአንድ ታሪክ ያገናኘ ልብ ወለድ ነው። ተጠኚው ስሙን ሲሰማ ሳቅ አለና «እሱማ ልጅ እያለን ነው» አለ። አጥኚው የታሪኩን ቅደም ተከተል ሆን ብሎ አፋልሶ ተናገረ። ተጠኚው ማንኪያውን አስቀመጠ። «አይ፣ እንደሱ አይደለም» ብሎ ጀመረ። ማን ከማን በኋላ እንደመጣ፣ የትኛው ምስጢር የት ላይ እንደተፈታ፣ እናቱ መብራት አጥፍታበት ብርድ ልብስ ውስጥ በስልክ ባትሪ ሲያነብ እስከየት ደርሶ እንደነበር አንድ በአንድ አስረዳ። አንድም ጊዜ «ይመቻል» አላለም፤ አንድም ጊዜ «አካበደ» አላለም። ተርኮ ሲጨርስ ዙሪያውን ቃኘና «ያው የልጅነት ነገር ነው» አለ። «የስንብት ቀለማት»ንም አንሥቶ ወጣ።

ሙዚቃ ላይ የተገኘው ግኝት ከሁሉም ጠንካራው ስለሆነ ሕግ ብንለው ድፍረት አይሆንም። ሕጉ «የአንድ አልበም ወደ ኋላ ሕግ» ይባላል። ቴዲ አፍሮ በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው»ን ሲያወጣ፣ የሚሻለው «ጃ ያስተሰርያል» ነበር ተባለ። በ2009 «ኢትዮጵያ» ወጥቶ የቢልቦርድን የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ ሲመራ፣ የሚሻለው «ጥቁር ሰው» ሆነ። ከዚህ የምንረዳው አንድ አልበም ምርጥ የሚሆነው ተሠርቶ ሲያልቅ ሳይሆን ቀጣዩ ሲወጣ መሆኑን ነው። ለሙዚቃ አሳታሚዎች የሚሰጠው ምክረ ሐሳብም ቀላል ነው፦ ሁለተኛውን አስቀድሞ ማውጣት።

ሕጉ ወደ ኋላ ሲሰላ ያለ ችግር ይሠራል። ከቴዲ በፊት ጥላሁን ገሠሠ ይገኛል፤ ከጥላሁን በፊት ያለው በማሲንቆ ስለሆነ ሰነድ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሆኖም አዝማሪውም በጊዜው «አባትህ ይሻል ነበር» ሳይባል እንዳልቀረ ይገመታል። ተጠኚው «ጃ ያስተሰርያል» በ1997 ሲወጣ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። ይህ ግን «ያኔ ሌላ ነበር» ከማለት አላገደውም። ያኔ ምን እንደነበር ሲጠየቅ «ሙዱ» ብሏል።

ኢትዮ ጃዝን በተመለከተ ተጠኚው ሙላቱ አስታጥቄን ያገኘው በኒውዮርክ በኩል ነው። ናስና ዳሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 አብረው ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ የሰማው ነገር የሙላቱ መሆኑን አንድ ሰው ነገረው፤ ከዚያ ወዲህ «ኢትዮፒክስ»ን ሙሉውን አውርዷል። አንዳንድ አዛውንት ይህን እንደ ውርደት ሊያዩት ይሞክራሉ፤ የገዛ አገርህን ሙዚቃ በአሜሪካ ራፐር በኩል ማወቅ! ሙላቱ ራሱ ቦስተን ተምሮ፣ የመጀመሪያ አልበሞቹን እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ያሳተመ ስለሆነ ግን መንገዱ ላይ የሚነሣ ቅሬታ አይኖርም። ተጠኚው የሄደበት ዋናው በር ነው።

እዚህ ላይ በምልከታው ወቅት ያጋጠመ፣ ከተቀረው መረጃ ጋር የማይገጥም ነገር አለ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ ተጠኚው ከጆሮው አንዱን ማዳመጫ ነቅሎ በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገና ለአጥኚው ሰጠው። ገመዱ አጭር ስለሆነ ሁለት ጭንቅላት መቀራረብ ነበረበት። ዘፈኑን አንጠቅሰውም፤ በየሠርጉ የሚዘፈን፣ ካፌው ውስጥ ቢከፈት ተጠኚው ራሱ የሚስቅበት ዓይነት ነው። ዜማው እንደጀመረ ዓይኑን መንገዱ ላይ ሳይሆን የአጥኚው ፊት ላይ ተከለ። ጣቱን አነሣ። «ቆይ... ቆይ... አሁን!» አለ፤ ማሲንቆው ገባ። ረዳቱ «ሒሳብ የኋላዎቹ!» ሲል አልሰማም። አጥኚው በሙያ ግዴታው «ምኑ ነው የሚመችህ?» ብሎ ጠየቀ። ተጠኚው በጣም ተናደደ፦ «ዝም ብለህ ስማው በናትህ!» በመጠይቁ ላይ በዚህ ረድፍ «መልስ አልተሰጠም» ተብሎ ተሞልቷል። የታክሲውን ደግሞ ተጠኚው ከፍሏል። በጥናቱ ዘመን ሒሳብ ከፍሎ አያውቅም የተባለው በዚህ ይታረም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ፊልሙን ሳያይ፣ መጽሐፉን ሳይጨርስ፣ ሰውየው ብዙ ጊዜ ልክ የሚሆነው እንዴት ነው? አጥኚው መልሱን ለረጅም ጊዜ ቴሌግራም ውስጥ ሲፈልግ ቆየ። መልሱ የተገኘው ቡና ተጠርቶ ተጠኚው ቤት በሄደበት ምሽት ነው።

የተጠኚው እናት በቤቱ ውስጥ ማንኛውንም ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያዩ ብቸኛ ሰው ናቸው። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን ሳይዘሉ ተከታትለዋል። በእነዚህ ድራማዎች ላይ የሚሰጡት ሂስ ቀጥተኛ ነው፤ ለገጸ ባሕርያቱ ለራሳቸው ይነግሯቸዋል። «አትመኚው አንቺ፣ ይሄ ሰው ነገር አለው» ይላሉ፤ ሰውየው ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ነገር ያለው ሆኖ ይገኛል። ሴራን ከነመፍቻው አስቀድሞ በማወቅ ረገድ አጥኚው እንደሳቸው ያለ ሰው በዩኒቨርሲቲም አላጋጠመውም።

የዚያን ምሽት ግን የተከፈተው ኢቢሲ በተከታታይ ድራማ ያቀረበው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ እናትየዋ ያወቁት በወረቀት አይደለም፤ በልጅነታቸው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ከጎረቤት ጋር ተሰብስበው ነው። ስኒ እየደረደሩ ቴሌቪዥኑን ሰረቅ አድርገው አዩ። የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ይታይ ነበር።

«ይሄ ነው ግቢው?» አሉ። «ኧረ ጠበበብኝ። ወጋየሁ ሲያነበው እኮ ከደጁ እስከ እልፍኙ በእግር የሚዘለቅ አይመስልም ነበር።» ቡናውን ቀዱ። «ሰብለንም እኔ እንዲህ አልነበረም የማያት።»

ተጠኚው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ቀና አላለም። የሰማ አይመስልም ነበር።

በማግስቱ ካፌው ውስጥ ማንኪያዋ ቆመች። «ፍቅር እስከ መቃብር ላይ እኔ ያየሁት ችግር» አለ ተጠኚው፣ «ከድምፅ ወደ ምስል ሲመጣ ስፔሱን ነው ያጣው። መቼቱ ጠቧል። አድማጩ በምናቡ የሠራውን ካሜራው ይወስድበታል።» ጠረጴዛው ጸጥ አለ። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ ጻፈው። አስተናጋጇ ሳትቀር ፎጣዋን እንደያዘች ቆም ብላ ሰማች።

አስተያየቱ ከዚያ በኋላ በራሱ እግር ሄዷል። አንድ ጓደኛው ለእህቱ ላከ፣ እህቱ ለጓደኛዋ። በሳምንቱ አጥኚው ለሁለተኛ ጊዜ ቡና ሲጠራ የጎረቤት ልጅ ስልኳን ይዛ ገባችና «እትዬ፣ ስለ ድራማው የተባለውን ላሰማዎት» ብላ ጮክ ብላ አነበበች፤ ስፔሱንም፣ መቼቱንም፣ ምናቡንም።

እናትየዋ ጀበናውን እንደያዙ በጥሞና አዳመጡ። «ማን ነው ይሄን ያለው?»

«እንጃ፤ የሆነ ልጅ ነው።»

«ምኑም አልገባውም» አሉ።

አጥኚው ተጠኚውን አየው። ተጠኚው ስኒውን ለእናቱ አቀበለ። «እኔም እሱን ነው የምለው እማዬ፤ ዝም ብሎ አካብዶ ነው» አለ።

በማግስቱ ካፌው ውስጥ «ስለ ስፔስ የሚያወሩት ሰዎች ድራማው አልገባቸውም» የሚል አዲስ አስተያየት ተመዝግቧል። ጓደኞቹ በሙሉ ድምፅ ተቀብለውታል፤ ያኛውን ስልኩ ላይ የጻፈውም አጥፍቶ ይሄኛውን ጽፏል።